የኪስ ሰዓቱን ቀፎ ለአቅላጭ ከመስጠታችን በፊት

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ የወርቅ ዋጋ መናርን አስመልክቶ በጋዜጣችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው አሜሪካ ለምንኖር ወገኖች በመሳቢያ ውስጥ የተረሳ የወርቅ ጌጥ ካለን ዋጋው ሳይወርድ ለወርቅ ገዢ እንድናቀርብ መምከራቸው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የተሰበረ የጆሮ ጌጥ ወይም መቆለፊያው የጠፋ አምባር ቀልጦ ሌላ ነገር ቢሆን ማንም አይጎዳም። ነገር ግን በዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ከቀለበትና ከሰንሰለት ተራ፣ አሮጌ የኪስ ሰዓት ተጠቅሶ በማየቴ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ለረጅም ጊዜ የአሜሪካን የኪስ ሰዓቶችና ከእነሱ ጋር የወጡ የማስታወቂያ ወረቀቶችን ስሰበስብ የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ የምለው ነገር ለብዙ ወገኖች እንደሚጠቅም ስለማምን ደብዳቤዬን እንድታወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የኪስ ሰዓት በወርቅ ገዢ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚደርስበት ልግለጽ። ገዢው የኋላ ክዳኑን ይከፍትና ማሽኑን ከቀፎው ጋር የያዙትን ትንንሽ ብሎኖች ይፈታል። ከዚያም ማሽኑን ወደ ጎን አድርጎ ቀፎውን ብቻ ይመዝናል፤ ገንዘብ የሚከፍለውም ለቀፎው ብቻ ነው። ቀፎው ወደ ማቅለጫ ይሄዳል፣ ማሽኑ ደግሞ ወይ ይጣላል ወይ በጥቂት ዶላር ለመለዋወጫ ይሸጣል። በ1980 መጀመሪያ የወርቅ ዋጋ በአንድ አውንስ እስከ 850 ዶላር ገደማ በደረሰ ጊዜ ይኸው ነገር በብዛት ተፈጽሟል። የዚያ ዘመን ጉዳት ዛሬም በዓይን ይታያል፤ ልብስ እንደሌለው ሰው እርቃናቸውን የቀሩ እጅግ ያማሩ ማሽኖች በየገበያው ይዞራሉ፣ የነበሩበትን የወርቅ ቀፎ ግን ከእንግዲህ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

የአሜሪካ የኪስ ሰዓት ለዚህ ዓይነቱ መለያየት ከሌሎች ይልቅ የተጋለጠ መሆኑ በአሠራሩና በአሸጣጡ ምክንያት ነው። በ1850 አሮን ዴኒሰንና ኤድዋርድ ሃዋርድ ከባልደረባቸው ጋር በማሳቹሴትስ፣ ሮክስበሪ በተባለ ስፍራ ሥራ ሲጀምሩ ያሰቡት፣ በጠመንጃ ፋብሪካዎች እንደተለመደው፣ አንዱ ጥርስ በሌላው ምትክ ሊገባ የሚችል ሰዓት በማሽን ማምረት ነበር። በአውሮፓ ሰዓት በብዙ ቤቶች ውስጥ በተበታተኑ የእጅ ባለሙያዎች ቁራጭ በቁራጭ በሚሠራበት ዘመን ይህ ሐሳብ እብደት ሊመስል ይችል ነበር። ድርጅቱ በ1854 ቻርልስ በተባለው ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ወደ ዎልታም ተዛወረ፣ በ1857 ከስሮ በጨረታ ተሸጠ፣ ሮያል ሮቢንስ የተባለ ነጋዴም ገዝቶ አዳነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ ለወታደሩ የሚመጥን ዋጋ ያለው «ዊልያም ኤለሪ» የተባለው የዎልታም ሰዓት ፋብሪካውን አጸና። በ1864 የተመሠረተውና በኢሊኖይ በኤልጂን ከተማ የተተከለው ኩባንያ በ1867 የመጀመሪያ ሰዓቱን አወጣ። በፔንስልቬንያ በላንካስተር የተመሠረተው ሃሚልተን በ1892 ተከተለ። በ1876 በፊላደልፊያ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ዎልታም ብሎን በራሱ የሚቀርጸውን ማሽኑን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ ከስዊዘርላንድ የተላከው መሐንዲስ ዣክ ዳቪድ አሜሪካኖቹ በዚህ ከቀጠሉ የአገሩ የሰዓት ሥራ ሊጠፋ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ሪፖርት ለአገሩ አምራቾች አቅርቧል።

እነዚህ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት ማሽኑን ብቻ ነበር። ቀፎውን የሚሠሩት ሌሎች ኩባንያዎች ሲሆኑ የማሽኖቹ መጠን በቁጥር የተወሰነ ስለነበረ፣ ለምሳሌ መጠኑ 18 የሆነ ማሽን መጠኑ 18 በሆነ ቀፎ ውስጥ ይገባል። ገዢው ወደ ጌጣጌጥ መደብር ገብቶ ማሽኑን ከአንድ መሳቢያ፣ ቀፎውን ከሌላ መሳቢያ ይመርጣል፤ አንዱ ጥርሶቹ የሚዞሩባቸው ብዙ የሩቢ ድንጋዮች ያሉበት ውድ ማሽን በርካሽ የኒኬል ቀፎ ያስገባል፣ ሌላው ተራ ባለ 7 ድንጋይ ማሽን በአበባና በወፍ በተቀረጸ ወርቅ ይሸፍናል። ስለዚህ ቀፎው የሰውዬው ምርጫ ነው። አቅሙንና ምኞቱን፣ አንዳንዴም ስሙን የያዘው ቀፎው ነው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ አባት ለልጁ ያስቀረጸው ቃል፣ ወይም ለአርባ ዓመት አገልግሎት ከባልደረቦች የተሰጠ የምስጋና ጽሑፍ ይገኛል። ከጥንት የብራና መጽሐፍ ላይ ሐረጉንና ሥዕሉን ቆርጦ ለብቻው የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚያጠፋ እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ እናውቃለን፤ የሰዓትን ቀፎ ከማሽኑ ነጥሎ ማቅለጥም ከዚያ አይለይም።

የሚጣለው ማሽንስ ቢሆን ምን ይዞ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሰዎች በቀላሉ ልናየው የምንችል ምስክር አለ። የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የወርቅ የኪስ ሰዓት በስሚዝሶንያን ተቋም የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል፤ ማሽኑ ከእንግሊዝ ከሊቨርፑል የመጣ፣ ሰዓቱም ሊንከን በሚኖርባት በስፕሪንግፊልድ፣ ኢሊኖይ ከጌጣጌጥ ነጋዴ የተገዛ ነው። በሚያዝያ ወር 1861 ሰዓቱ ለጥገና በዋሽንግተን በፔንስልቬንያ ጎዳና ወደነበረ መደብር ተልኮ ሳለ፣ ጆናታን ዲሎን የተባለ አየርላንዳዊ ሰዓት ጠጋኝ የፎርት ሰምተርን መጠቃት፣ ማለትም የእርስ በርስ ጦርነቱን መጀመር ሰማ። ዲሎን የሰዓቱን ፊት አንሥቶ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ምሽጉ በዓመፀኞች መጠቃቱን፣ መንግሥት ስላለንም እግዚአብሔር ይመስገን የሚል ቃል ጨምሮ ቀረጸ። ሊንከን ጽሑፉን ስለማወቁ ምንም ማስረጃ የለም። ሰዓቱ በ2009 በሙዚየሙ ባለሙያ ፊት ለፊት ሲከፈት ጽሑፉ እዚያው ተገኘ። ያ ሰዓት በአንድ ወቅት በወርቅ ሚዛን ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ አንድ ሠራተኛ በታሪኩ ሰዓት የጻፈው ይህ ቃል ለማንም ሳይታይ ከቆሻሻ ጋር ይጠፋ ነበር።

ከአሜሪካ የኪስ ሰዓቶች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው የባቡር ሠራተኞችን ሰዓት ነው፤ ስለ እነዚህ ጥቂት ብቆይ አንባቢ እንደሚታገሠኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በሚያዝያ 1891 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ኪፕተን በተባለች ትንሽ ጣቢያ አጠገብ ሁለት ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት ተጋጭተው ቢያንስ ስምንት ሰዎች ሞቱ። እንደሚተረከው የአንደኛው ባቡር ነጂ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ያህል ቆሞ እንደገና መሥራት ጀምሮ ነበር፤ ነጂው ያላወቃት ያቺ የጠፋች አራት ደቂቃ ናት ባቡሮቹን ያገናኘችው። ከዚህ በኋላ ዌብ ቦል የተባለ የክሊቭላንድ ጌጣጌጥ ነጋዴ የባቡር መሥመሩን ሰዓቶች እንዲመረምር ተሾመ። እሱ ያስፋፋው የቁጥጥር ሥርዓትም ወደ ሌሎች ብዙ መሥመሮች ተዛመተ። ሰዓቱ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይስት፣ ቁጥሮቹ ደማቅና በግልጽ የሚነበቡ እንዲሆኑ፣ የፊት ክዳን ሳይኖረው ፊቱ ሁልጊዜ እንዲታይ፣ በተለያየ አቀማመጥና በሙቀትም በብርድም ተፈትኖ እንዲስተካከል ተደነገገ። ሠራተኛው ሰዓቱን በየጊዜው ለተሾመ መርማሪ እያሳየ ልዩነቱን በካርድ ላይ ያስመዘግባል። የሰዓቱን ዋጋ የሚከፍለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው ራሱ ነበር፤ ይህንን ባሰብሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ የመንገደኛው ሕይወት በደመወዝተኛው ኪስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና። ከ1903 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የተሠራው ባለ 21 ድንጋዩ ሃሚልተን 992፣ ኢሊኖይ የተባለው የሰዓት ኩባንያ «በን ስፔሻል»፣ የዎልታም «ቫንጋርድ» የዚህ ሥርዓት ፍሬዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ከቀፎው ነቅሎ መመዘን ለባለቤቱም ኪሳራ ነው፤ አብዛኞቹ የባቡር ሠራተኞች በወርቅ በተለበጠ ቀፎ ይይዟቸው ስለነበር ከቅልጡ የሚገኘው ወርቅ ሙሉው ሰዓት ለሰብሳቢ ከሚሸጥበት ዋጋ በእጅጉ ያንሳል።

ስለ ልባጭ ወርቅ ጽሑፋችሁ ምንም ባለማለቱ ብዙ ሰው ይሳሳታል ብዬ እሰጋለሁ። ጄምስ ቦስ የተባለ የፊላደልፊያ ሰው በ1859 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ ሁለት ስስ የወርቅ ቅጠሎችን ከመሐላቸው ርካሽ ብረት አድርጎ አንድ ላይ መዳመጥ ነበር። በክዳኑ ውስጥ የ20 ወይም የ25 ዓመት ዋስትና የሚል ማኅተም ካያችሁ ያ ቀፎ ሙሉ በሙሉ ወርቅ አይደለም፤ ዋስትናው የላዩ ወርቅ በዚያን ያህል ዘመን አያልቅም ማለት ብቻ ነው። ይህን ስል እያንዳንዱ አሮጌ የኪስ ሰዓት ሀብት ነው እያልሁ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ኤልጂን በታሪኩ ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ዎልታም ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዓቶች ስላመረቱ ተራዎቹ ዛሬም በብዛት ይገኛሉ፤ ገበያውም ብዙ አይከፍልባቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ተራው የትኛው፣ ብርቁ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ሁለቱም አንድ ላይ መቅለጣቸው ነው።

አሁን ወደ ማስታወቂያዎቹ ልምጣ፤ ቀፎ ቢያንስ ይመዘናል፣ ወረቀት ግን ያለ ሚዛን ይጣላል። ከሰዓቱ ጋር በሳጥን ውስጥ የሚገኝ ባለ ቀለም ካርድ፣ የዋስትና ወረቀት፣ የመደብር ደረሰኝ፣ ጠጋኙ ስሙንና አድራሻውን አትሞ በክዳኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው ክብ ወረቀት፣ በጀርባው የሰዓት ስም ያለበት የኪስ መስታወት፣ ሁሉም ከቅርጫት ውስጥ ነው የሚገባው። እኔ ግን አንዳንድ ጊዜ ከሰዓቱ ይልቅ ወረቀቱን እመርጣለሁ። ማሽኑ መቼ እንደተሠራ በላዩ ከተቀረጸው መለያ ቁጥር ይታወቃል፤ ለማን እንደታሰበ፣ በስንት እንደተሸጠ፣ ገዢው ምን ተስፋ ተሰጥቶት እንደገዛው የሚነግረን ግን ማስታወቂያው ነው።

ለምሳሌ በኮነቲከት የነበረው የዎተርበሪ ሰዓት ኩባንያ በ1880ዎቹ ዘጠኝ ጫማ ያህል ርዝመት ያለው ሞላ የተጠቀለለበት እጅግ ርካሽ ሰዓት ያመርት ነበር። ያንን ሞላ ጠምዝዞ ለመጨረስ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። የልብስ ነጋዴዎች ሙሉ ልብስ ለሚገዛ ሁሉ ይህንን ሰዓት በነጻ እንሰጣለን እያሉ በካርድና በጋዜጣ አስታወቁ፤ ብዙ ሳይቆይ ነጻ የሚታደል ነገር በሕዝቡ ዓይን ረከሰና ኩባንያው ስሙን እስከ መቀየር ደረሰ። ሰዓቱን ብቻ የያዘ ሰብሳቢ አንድ ደህና የተሠራ ርካሽ ሰዓት ይኖረዋል፤ የልብስ ነጋዴውን ካርድ አብሮ የያዘ ግን ድርጅቱ ለምን እንደወደቀ በእጁ ይዟል። በተቃራኒው ሮበርትና ቻርልስ ኢንገርሶል የተባሉ ወንድማማቾች በ1896 በአንድ ዶላር የሚሸጥ «ያንኪ» የተባለ ሰዓት አውጥተው፣ ዶላርን ያስከበረ ሰዓት የሚለውን መፈክራቸውን በየመጽሔቱ በማስነገር የቀን ሠራተኛውንና የገበሬውን ኪስ በሰዓት ሞሉት። በሚኒሶታ በሰሜን ሬድውድ ጣቢያ የባቡር ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሲርስም በ1886 አንድ ነጋዴ አልቀበልም ያለውን የሰዓት ጭነት ወስዶ ለሌሎች የጣቢያ ወኪሎች በመሸጥ ነው የጀመረው፤ ያ ግዙፍ በካታሎግ የመሸጥ ንግድ የተወለደው ከኪስ ሰዓት ነው ማለት ነው። ሃሚልተን ደግሞ እውነተኛ የባቡር ነጂዎችንና ኮንዳክተሮችን ከሰዓታቸው ጋር ፎቶግራፍ እያነሣ በመጽሔቶች ያወጣ ነበር። እነዚያን ገጾች የሚያይ ሰው ሠራተኛው ሰዓቱን በምን ዓይነት ኩራት እንደሚይዘው ያስተውላል።

ማስታወቂያው ሁልጊዜ እውነት ይናገራል አልልም፤ እንዲያውም ከምንም በላይ መጠበቅ ያለበት በውሸቱ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ኢንገርሶል «ራዲዮላይት» በሚል ስም የሸጣቸው ሰዓቶች በጨለማ የሚያበራ ፊት እንዳላቸው በሚያማምሩ ሥዕሎች ይተዋወቁ ነበር። ያ ብርሃን ጨረር ከሚያመነጨው ራዲየም ከተባለ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነበር። በኒው ጀርሲ በኦሬንጅ፣ በኮነቲከት በዎተርበሪና በኢሊኖይ በኦታዋ የሰዓት ቁጥሮችን በዚህ ቀለም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ይደረግ ስለነበር መርዙ አጥንታቸው ውስጥ ገባ፤ ብዙዎቹም መንጋጋቸው እየተበላ ሞቱ። የኒው ጀርሲዎቹ ሴቶች ያቀረቡት ክስ በ1928 በስምምነት አበቃ። ያንን ደስተኛ ማስታወቂያ ከሰዓቱ አጠገብ አስቀምጦ ለልጅ ማሳየት ብዙ ያስተምራል። አብሮ መነገር ያለበት ጥንቃቄም አለ፤ ራዲየም ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ያህል ይወስድበታል፤ ቀለሙ ከዓመታት ብዛት ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አልቆመም። ቁጥሮቹ ወይም ጠቋሚዎቹ በተሰነጣጠቀ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም የተሞሉ አሮጌ ሰዓት ካጋጠማችሁ መስታወቱን ፈጽሞ አትክፈቱ፣ ቀለሙን አትፋቁ፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት አድርጉ።

በዚህ ገበያ ማጭበርበርም አለ። በቆርቆሮ ላይ ታትመው ሆን ተብሎ ዝገት የተቀቡ አዳዲስ ማስታወቂያዎች እንደ አሮጌ ይሸጣሉ። አንድ ቀላል መለያ ልናገር፤ የ1880ዎቹ ባለ ቀለም ካርዶች በድንጋይ ኅትመት የተሠሩ በመሆናቸው በማጉያ መነጽር ሲታዩ ነጠብጣባቸው የተዘበራረቀና እያንዳንዱ ቀለም የጠገበ ነው፤ የዘመናችን ኅትመት ግን እኩል የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦችን ያሳያል። ሰዓቱን በተመለከተም በኋላ ክዳኑ ውስጥ አሁን ያለው ማሽን ከማይደርስበት ቦታ የብሎን ጭረት ከታየ፣ ቀፎው ቀድሞ ሌላ ማሽን ይዞ ነበር ማለት ነው።

ከወገኖቻችን ብዙዎች ሰው ሲሞት ወይም ቤት ሲለቅ በሚደረግ የዕቃ ሽያጭ ላይ እየተገኙ የቤት ዕቃ ይገዛሉ። በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ያሉት ደግሞ ከሚንከባከቧቸው ሽማግሌዎች ቤተሰብ ሰዓት በስጦታ ሲቀበሉ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰዓት እጁ የገባ ሰው በቢላዋ ክዳኑን አይፈልቅቅ፣ በአሞሌ ወይም በጥርስ ሳሙና አይወልውል፤ ቅርጹን የሚያጠፋው መወልወሉ ነው። ለረጅም ዘመን የቆመ ሰዓት ዘይቱ ስለሚደርቅ ሳይጸዳ እንዲሠራ ማድረግ ጥርሶቹን ይበላል። ክዳኑ በቀላሉ የሚከፈት ከሆነ ማሽኑ ላይ ያለውን ስምና ቁጥር ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት በቂ ነው። በቀፎው ላይ ያለው ቁጥር ሌላ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የሚፈለገው የማሽኑ ቁጥር ነው። በ1943 የተመሠረተው ብሔራዊ የሰዓት ሰብሳቢዎች ማኅበር በፔንስልቬንያ በኮሎምቢያ ከተማ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት አለው። ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ደርሶ መመለስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ልጆችን ይዞ ለመሄድም የተመቸ ነው።

እነዚህ ፋብሪካዎች ዛሬ የሉም። ዎልታም በ1957 የሰዓት ሥራውን አቆመ፤ ኤልጂንም በ1960ዎቹ ተከተለው። በኦሃዮ በካንተን የነበረው የሃምፕደን ፋብሪካ ማሽነሪ በ1930 ለሶቪየት ኅብረት ተሸጦ፣ ከቀድሞ ሠራተኞቹም የተወሰኑት አብረው ሄደው የመጀመሪያውን የሞስኮ ሰዓት ፋብሪካ ሥራ አስጀምረዋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚቀልጠው የማይተካ ነው፤ አዲስ አይሠራምና።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስለ ወርቅ ዋጋ ዳግመኛ በምታወጡበት ጊዜ፣ የኪስ ሰዓት ለወርቅ ገዢ ከመቅረቡ በፊት በሰዓት ባለሙያ እንዲታይና አብሮት ያለው ሳጥን፣ ካርድና ደረሰኝ እንዳይጣል የሚያሳስብ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። በእጃቸው ያለውን ሰዓት ማንነት ለማወቅ የሚፈልጉ አንባቢዎች የማሽኑን ፎቶግራፍ ለዝግጅት ክፍላችሁ ቢልኩና እናንተም ብታስተላልፉልኝ፣ ያለ ምንም ክፍያ የማውቀውን ያህል ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ